ምዕራፍ ሰባት፦ በሽታውን የደበቀ

ጎንደር ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የስብሰባ አዳራሽ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ወንበሮቹ ወደ ግድግዳው ተገፍተው መሐል ላይ ሁለት ጠረጴዛ ተቀምጦ ነበር። አንዱ ላይ የደም ግፊት መለኪያ፣ ሌላው ላይ የስኳር መመርመሪያ። ከበላያቸው «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚል ባነር ተሰቅሏል። እኔ ለሌላ ጉዳይ ነበር የሄድኩት፤ «እርስዎም ይለኩ እንጂ» ተባልኩና ተራ ያዝኩ።

ከፊቴ የነበሩት የግቢው ጥበቃ ናቸው። ሌሊቱን ያደሩበትን ካፖርት ገና አላወለቁም።

«ጋሼ፣ እጅዎን ጠረጴዛው ላይ ያሳርፉልኝ» አለቻቸው ነርሷ።

«እኔ ምን ሆኜ ልጄ? ራሴን እንኳ አሞኝ አያውቅም።»

ለካቻቸው፤ ደግማ ለካቻቸው። 170 በ105። «ጋሼ፣ ይሄ ከፍ ያለ ነው፤ ጤና ጣቢያ ሄደው ይታዩ» ብላ ቁጥሩን በቁራጭ ወረቀት ጽፋ ሰጠቻቸው። ወረቀቱን አራት አጥፈው የካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት።

ከወር በኋላ እዚያው በር ላይ አገኘኋቸውና ጠየቅኳቸው። «የቱ ወረቀት?» አሉኝ መጀመሪያ። ከዚያ ትዝ ሲላቸው ሳቁ። «ብሄድስ በሩን ማን ይጠብቅልኛል? ደግሞ በሽተኛ ነው ከተባልኩ ማን ያስቀምጠኛል ብለህ ነው፤ የታመመ ጥበቃ የሚፈልግ የለም።» በመሥሪያ ቤቱ የዓመቱ ሪፖርት ላይ «ምርመራ የተደረገላቸው ሠራተኞች» ከሚለው ድምር ውስጥ ግን እርሳቸውም እንደሚቆጠሩ አልጠራጠርም።

ይህ ምዕራፍ የካፖርቱ ኪስ ውስጥ ስለገባችው ወረቀት ነው። በሥራ ቦታ የሚደረግ የጤና ምርመራ ጥሩ ነገር መሆኑን ማንም አይክድም። ነገር ግን ጥሩነቱ ያለው ከመለኪያው መሣሪያ ውስጥ ይመስለናል። እኔ ደግሞ ሙሉ ዋጋው ያለው ከወረቀቷ በኋላ ባለው መንገድ ላይ ነው ባይ ነኝ፤ መንገዱ ከሌለ ምርመራው የአንድ ጠዋት ጨዋታ ነው።

ከመለኪያው እንጀምር፤ ጥበቃው ምንም ሳይሰማቸው 170 መሆናቸው እንግዳ ነገር አይደለም። ደም ግፊት ልብን፣ ኩላሊትንና የአንጎል ደም ሥሮችን ለዓመታት ሲጎዳ ቆይቶ መጀመሪያ የሚያሳየው ምልክት ራሱ አደጋው ሊሆን ይችላል፤ «ደህና አድሮ ድንገት ወደቀ» የምንለው ብዙው እንዲህ ያለ ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በከተማዋ ዕድሜያቸው 35 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 679 ነዋሪዎችን ለክተው እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጡት ጥናት ከመቶው 28.3 ግፊት እንዳለባቸው አሳይቷል። ከእነዚህም መካከል 37 በመቶ የሚሆኑት ግፊት እንዳለባቸው ያወቁት ገና በዚያ ልኬት ነው። በስኳር ላይ ሳይታወቅ የሚቀረው ደግሞ የባሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ሌላ ጥናት በጎንደር ከተማ 5.1 በመቶ፣ በዳባት ገጠር 2.1 በመቶ የሚሆኑ ጎልማሶች ስኳር እንዳለባቸው አገኘ። ገጠሩ የቀለለው ይመስላል። ነገር ግን በጥናቱ ከተገኙት የገጠር ታማሚዎች ውስጥ ከአምስቱ አራቱ ከዚያ በፊት ስኳር እንዳለባቸው የነገራቸው አልነበረም።

የቢሮ ሰውም ከዚህ ነፃ አይደለም። በአዲስ አበባ የባንክ ሠራተኞችና መምህራን ላይ የተደረገ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት 19.1 በመቶው የደም ግፊት፣ 6.5 በመቶው ስኳር እንዳለባቸው አሳይቷል። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ውሎ፣ በመኪና ተሳፍሮ፣ ማታ ጥሬ ሥጋ ቤት የሚገባ ሰው ከመለኪያው ፊት ቢቀመጥ ክፋት የለውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። የጎንደር ከተማ ዳገት ናት። ከፒያሳ ወደ ላይ ተጣድፎ መጥቶ፣ ሁለተኛ ፎቅ ወጥቶ፣ ቡና ጠጥቶ፣ ከጓደኛው ጋር እያወራ፣ እጁን አንጠልጥሎ የተለካ ሰው ግፊቱ ከፍ ቢል የሚገርመው ቁጥሩ ሳይሆን ለኪው ነው። ትክክለኛው አለካክ አምስት ደቂቃ ዝም ብሎ ማረፍን፣ ጀርባን ማስደገፍን፣ እግርን አለማጠላለፍን፣ ክንድን በልብ ትክክል ማሳረፍንና በሌላ ቀን ደግሞ መለካትን ይጠይቃል። 140 በ90 የሚለው ድንበር በዚህ ዓይነት ልኬት ላይ የተመሠረተ ነው። ሠላሳ ሰው ተሰልፎ እየተገፋፋ ባለበት አዳራሽ ግን አምስት ደቂቃ የሚሰጥ የለም።

ሐኪም ወደ ሠራተኛ ሄዶ «ሥራህ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ የጀመረበትን ጊዜ ሳስብ ጎንደር ትመጣብኛለች። እ.ኤ.አ. በ1699 ሻርል ፖንሴ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ከካይሮ ተነሥቶ፣ በሰናር በኩል በረሃውን አቋርጦ ጎንደር ገባ። የጠራው ቀዳማዊ አፄ ኢያሱ ነው፤ የቆዳ ሕመም ነበረበት። ያን ሁሉ መንገድ አንድ ሐኪም ለአንድ ታማሚ ተጓዘ። በሚቀጥለው ዓመት በ1700 በጣሊያን አገር በርናርዲኖ ራማዚኒ የሠራተኞችን በሽታ የሚተነትን መጽሐፍ አሳተመ። መነሻው፣ ራሱ እንደጻፈው፣ ቤቱ የመጣ የመጸዳጃ ጉድጓድ ጠራጊ ነበር። ሰውየው ሲጣደፍ አየውና ለምን እንደሚቸኩል ጠየቀው። ጠራጊው እዚያ ውስጥ ብዙ የቆየ ሰው ዓይኑ እንደሚጠፋ ነገረው። ራማዚኒ ከዚያ ወዲያ ወደ ሸክላ ሠሪው፣ ወደ ሸማኔው፣ ወደ አንጥረኛው እየሄደ ጠየቀ፤ ሐኪሞችም ታማሚን ሲመረምሩ ሙያውን እንዲጠይቁ መከረ። የአፄ ኢያሱ ጎንደርም ሸማኔ፣ ሸክላ ሠሪና አንጥረኛ የሞላባት ከተማ ነበረች።

የራማዚኒ ጥያቄ ጉልበት ያለው በሽታው ከሥራው ሲወለድ ነው፤ በአገራችን ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ጥጥ ነው። የጥጥ ብናኝ ለዓመታት ሲተነፍሱት ደረትን የሚያጠብቅ ቢሲኖሲስ የሚባል በሽታ ያመጣል። ይህ በሽታ ልዩ ጠባይ አለው። መጀመሪያ ላይ የሚብሰው ከዕረፍት መልስ፣ ሰኞ ነው፤ ሳምንቱ እየገፋ ሲሄድ ቀለል ይላል። ስለዚህ ሐሙስ ቀን የተመረመረ ሠራተኛ ደህና ይመስላል። የሚያጋልጠው ሰኞ ጠዋት ሥራ ሳይጀምር፣ ቀጥሎም ሥራ ሲወጣ ትንፋሹን አስነፍቶ ሁለቱን ማስተያየት ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በታተመ ጥናት የአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ 595 ሠራተኞች ተመርምረው፣ ጥጡ በሚነፋበት ክፍል 43.2 በመቶ፣ በሚበጠርበት ክፍል 37.5 በመቶ በሽታው ተገኘባቸው። በሌሎቹ ክፍሎች ከ4 እስከ 24 በመቶ ነበር። እንዲህ ያለ ውጤት የሚናገረው ስለ ሠራተኛው ሳንባ ብቻ አይደለም፤ ብናኙ የት እንዳለና የአየር መምጠጫው የት መተከል እንዳለበት ይናገራል። በእኔ ዓይን ጥሩ የሥራ ቦታ ምርመራ ማለት ይኸው ነው፤ ሰውየውን ሲመረምር ክፍሉንም አብሮ ይመረምራል። በወፍጮ ቤት፣ በብየዳ ቤት ወይም ጠርሙስ ሲንኳኳ በሚውልበት የፋብሪካ ክፍል ያለ ሰው የመስማት ኃይሉና ትንፋሹ ቢለካ፣ ቁጥሩ ለሠራተኛው ብቻ ሳይሆን ለማሽኑም ማዘዣ ይሆናል።

በከተሞቻችን በሰፊው የሚታወቀው የግዴታ ምርመራ ግን የምግብ ቤት ሠራተኞች ነው። ጎንደር ለዚህ የራሷ ታሪክ አላት። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት በጎንደር ዩኒቨርሲቲና በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጁ ካፍቴሪያዎች የሚሠሩ 127 ሰዎችን መረመረ። ጥፍራቸው ሥር ያለው ቆሻሻም ሰገራቸውም ታየ። የወስፋት ትል በ18 በመቶው ተገኘ፤ አራቱ ሰዎች ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚያመጣውን ሺጌላ ተሸክመዋል። ከ16 በመቶ በላይ በሚሆኑት ጥፍር ሥር ደግሞ ስታፊሎኮከስ ኦውረስ ተገኝቷል፤ ይህ ባክቴሪያ ምግብ ላይ ሲራባ መርዝ ሊያመነጭ ይችላል። ምግባቸውን የሚበሉት በሺህ የሚቆጠሩ ተማሪዎች ስለሆኑ የአራት ሰው ሺጌላ ትንሽ ነገር አይደለም።

ነገር ግን ወጥ ቤቱን የሚያውቅ ሰው ወዲያው አንድ ነገር ይጠይቃል። ዛሬ ሰገራዋ ንጹሕ የሆነ ሴት በሚቀጥለው ሳምንት ብትያዝስ? በየተወሰነ ወር የሚታደስ ካርድ የሚመሰክረው ስለዚያች ጠዋት ብቻ ነው። በየቀኑ የሚሠራው ሳሙናና የቧንቧ ውኃ ነው። ከዚያም አለፍ ሲል፣ ተቅማጥ ይዟት «ዛሬ ሽንኩርት አልከትፍም» ማለት የምትችልበት ወጥ ቤት ያስፈልጋል፤ የቀን ክፍያዋ ሳይቆረጥ። ካርዱን ግድግዳ ላይ ከመለጠፍ ይልቅ ይህኛው ከባድ ነው፤ ስለዚህም ይመስለኛል ካርዱ ላይ የምንበረታው።

ምርመራ ሲበዛ ደግ አይደለምን? አይደለም፤ ለምን እንዳልሆነ አንድ ሒሳብ ያሳያል። አንድ ድርጅት 1,000 ሠራተኞች አሉት እንበል፤ ከመቶ አንዱ ብቻ የያዘውን አንድ በሽታ ሊመረምር ተነሣ። መመርመሪያው ጎበዝ ነው፤ ከመቶ ታማሚ 95ቱን ይለያል፣ ከመቶ ጤነኛም 95ቱን በትክክል ጤነኛ ይላል። አሥሩ ታማሚዎች ተመርምረው ዘጠኙ ወይም አሥሩ ተገኙ፤ መልካም። የቀሩት 990 ጤነኞች ናቸው፤ ከእነርሱ አምስት በመቶው፣ ማለትም ወደ 50 የሚጠጋው፣ በስሕተት «አለብህ» ይባላል። ስለዚህ «አለብህ» ከተባሉት 60 ሰዎች ወደ 50ው ምንም የለባቸውም። ይህ የማሽኑ ብልሽት አይደለም፤ በሽታው ጥቂት ሰው ላይ ሲሆን ሁሉንም ሰው መመርመር የሚያስከትለው ነው። ያ ሃምሳ ሰው ሌሊት እንቅልፍ ያጣል፣ ለተጨማሪ ምርመራ ይከፍላል፣ ምናልባትም ወሬው ከእሱ ቀድሞ ቢሮ ይደርሳል።

በዓለም ላይ የተደረጉት ትልልቅ ሙከራዎችም ጉራ ላይ ውኃ ይቸልሳሉ። ሁሉን ነገር በአንድ ቀን ማየት፣ «ፉል ቼክ አፕ» የምንለው፣ ሞትን ይቀንሳል ወይ ተብሎ ከ250,000 በላይ ሰዎች የተካተቱባቸው 17 ሙከራዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ተደምረው ሲታዩ፣ የተመረመረውና ያልተመረመረው ቡድን በሞት ረገድ ልዩነታቸው ይህ ነው የሚባል አልነበረም። በአሜሪካ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ወደ 5,000 የሚጠጉ ሠራተኞች በዕጣ ተከፍለው የጤና ፕሮግራም ሲቀርብላቸው፣ በአንደኛው ዓመት የሕክምና ወጪያቸውም ልማዳቸውም ብዙም አልተለወጠም። የታወቀ ነገር ቢኖር፣ ፕሮግራሙን ፈቅደው የገቡት ከመጀመሪያውም ጤነኞቹና ጠንቃቆቹ መሆናቸው ነው። ጥበቃውን የመሰለ ሰው ተራ አይዝም።

ይህን ያነበበ ሥራ አስኪያጅ «እንግዲያው ተውት» ሊል ይችላል፤ እኔ ግን እዚህ ላይ አልስማማም። እነዚያ ሙከራዎች የተደረጉት ሰው በሌላ ምክንያት ሐኪም ዘንድ ሲሄድ ግፊቱ በሚለካባቸው አገሮች ነው። ምርመራ ያልነበረው ቡድን እንኳ ያለ ምርመራ አልቀረም። ዳባት ላይ ግን ስኳሩን የነገረው አንድም ሰው ያልነበረ ገበሬ አለ። ስለዚህ ትምህርቱ «አትመርምሩ» ሳይሆን «መርጣችሁ መርምሩ» ነው። ለመምረጫውም ከድሮ የተቀመጠ መለኪያ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው፣ ዊልሰንና ዩንግነር በጻፉት መጽሐፍ አሥር መመዘኛዎች ቀርበዋል። ዋናዎቹ ቀላል ናቸው፦ በሽታው ከባድ ይሁን፣ ሳይታወቅ የሚቆይበት ጊዜ ይኑረው፣ ለተገኘበት ሰው የሚሰጥ ሕክምና በእጅ ይኑር፣ ማን እንደሚታከም አስቀድሞ ይታወቅ፣ ነገሩም የአንድ ቀን ዘመቻ ሳይሆን ቀጣይ ይሁን። ደም ግፊት ሁሉንም ያሟላል፤ መድኃኒቱም ርካሽ ነው። ጥበቃው ያጡት አራተኛውንና አምስተኛውን ነው።

ቁጥር ራሱ አገር እንዳለው ለማየት ደግሞ ወደ ስሜን ተራራ እንውጣ። ተመራማሪዋ ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በአምባራስ፣ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱን አሳተሙ። በዚያ ከፍታ ደም ይወፍራል ተብሎ ይጠበቃል፤ የአንዲስ ተራራ ሰዎች እንዲያ ናቸው። የስሜን ሰዎች ግን ሄሞግሎቢናቸው ለወንድ 15.9፣ ለሴት 15.0 ግራም በዴሲሊትር፣ በደማቸው ያለው ኦክስጅንም 95.3 በመቶ ሆኖ ተገኘ፤ ባሕር ዳርቻ ላይ እንደሚኖር ሰው ማለት ነው። እንግዲህ የስሜን ተራሮች ፓርክ ስካውቶች የሥራ ቦታ ምርመራ ይደረግላቸው እንበል። ለረጅም ጊዜ በሥራ ላይ የቆየው የደም ማነስ ሠንጠረዥ ለ3,500 ሜትር ከፍታ 2.7 ግራም ቀንሱ ይላል። በዚህ ሒሳብ 14 ግራም ያላት፣ ገደል ስትወጣና ስትወርድ የምትውል ጤነኛ የስሜን ሴት «ደም አንሷታል» ትባላለች። ሠንጠረዡ የተሠራው የእሷን ደም አይቶ አይደለም።

አሁን ወደ ተረቱ ልመለስ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንላለን። እውነት ነው፤ ነገር ግን ተረቱ ጥፋቱን ሁሉ በደባቂው ላይ ይጭነዋል። ሰው ለምን እንደሚደብቅ ሲጠየቅ መልሱ ብዙ ጊዜ ከደመወዝ መዝገቡ ውስጥ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው እንደ ሥራው ጠባይ አዲስ ለሚቀጠሩና በአደገኛ ሥራ ላይ ለተሰማሩ ሠራተኞች በራሱ ወጪ የጤና ምርመራ እንዲያስደርግ ያዛል፤ የኤች አይ ቪ ምርመራን በመርሕ ደረጃ ከዚህ ግዴታ ውጭ አድርጎታል። በዚያው አዋጅ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሲታመም ለአንደኛው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ ያገኛል፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ወራት ግን ያለ ክፍያ ናቸው። ሳንባ ነቀርሳ የተገኘበት ሠራተኛ ስድስት ወር መድኃኒት ይውጣል። ልጆቹን ያስቀመጠበት ቤት ኪራይ ግን በየወሩ ነው።

ውጤቱ ወዴት እንደሚሄድም ሌላ ጥያቄ ነው። አንድ ጊዜ፣ ስሙን የማልጠራው መሥሪያ ቤት፣ የምርመራው ውጤት በስም ዝርዝር ተጽፎ ለሰው ኃይል ክፍል ሲሰጥ አይቻለሁ። ዝርዝሩ ጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ እስከ ከሰዓት ዋለ። በሚቀጥለው ዓመት ምርመራ ሲመጣ ግማሹ ሰው መስክ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ምክሬ አጭር ነው፤ አሠሪው ማወቅ ያለበት «ይህን ሥራ መሥራት ይችላል፣ አይችልም ወይስ ሥራው ይቀየርለት» የሚለውን ብቻ ነው። ቁጥሩ የሠራተኛውና የሐኪሙ ነው።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ አዳራሽ፣ ስለ ፋብሪካ፣ ስለ ወጥ ቤት ነው። ለጎንደር ገጠር ሰው ግን ትልቁ የሥራ ቦታ ጣሪያም በርም የለውም። ክረምት ሲገባ ከዳባት፣ ከደባርቅ፣ ከወገራ፣ ከበለሳ የሚነሣው ወጣት በረሃ ይወርዳል፤ ወደ መተማ፣ ወደ አርማጭሆ፣ ወደ ሁመራ። ሐምሌና ነሐሴ የሰሊጥ አረም፣ መስከረምና ጥቅምት አጨዳ። ቤቱ መሬት አንሶታል፤ ከበረሃ ይዞት የሚመጣው ገንዘብ የማዳበሪያ ዕዳ መክፈያና የዓመት ልብስ ነው።

በረሃው ደግሞ የራሱን ነገር ያሲዘዋል። አንዱ ወባ ነው፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ሌላው ካላዛር ነው። የሚያስተላልፈው ከትንኝ የምታንስ፣ ድምፅ የሌላት የአሸዋ ዝንብ ናት፤ በተሰነጠቀው ዋልካ መሬትና በግራሩ ሥር ትኖራለች፣ ሌሊት ትነክሳለች። የቀን ሠራተኛው የሚተኛው ደግሞ እዚያው፣ በእርሻው ጥግ፣ ከግራሩ ሥር ነው። ካላዛር የያዘው ሰው ሳምንታት የሚቆይ ትኩሳት ይኖረዋል፣ ይከሳል፣ ጣፊያው ያብጣል፣ ሆዱ ይነፋል። ካልታከመ ከ95 በመቶ በላይ ይገድላል። ከታከመ ይድናል፤ አብዛኛውን ጊዜ 17 ቀን በየዕለቱ በሚሰጥ የሁለት መድኃኒት መርፌ ነው። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለዚህ በሽታ የቆመ የምርምርና የሕክምና ማዕከል አለ፤ አብዱራፊ ላይም ድንበር የለሽ ሐኪሞች ለብዙ ዓመታት ሲያክሙ ቆይተዋል።

ታዲያ የሰሊጥ እርሻው ባለቤት በሩ ላይ ሁሉንም ቢያስመረምርስ? መልካም ሐሳብ ይመስላል፤ ግን ሁለት ነገር ያከሽፈዋል። አንደኛ፣ ከጣት ደም ጠብታ ተወስዶ በደቂቃዎች የሚነበበው ምርመራ የሚያሳየው ሰውነት ለተሐዋሲው የሰጠውን ምላሽ ነው፤ ተነክሶ ምንም ያልታመመውም፣ ከዓመት በፊት ታክሞ የዳነውም «አለበት» ሊል ይችላል። መድኃኒቱ ደግሞ ልብንና ጣፊያ አጠገብ ያለውን ቆሽት ሊጎዳ የሚችል ጠንካራ ነገር ስለሆነ ለጤነኛ ሰው አይሰጥም። ስለዚህ ሐኪሞቹ መጀመሪያ ይጠይቃሉ፦ ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት አልፏል? ከስተሃል? ቆላ ወርደህ ነበር? ከዚያ በእጃቸው ጣፊያውን ይዳስሳሉ፤ ደሙ የሚታየው ከዚህ በኋላ ነው። ሁለተኛው ከዚህ ይከብዳል። ከንክሻው እስከ ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ ስድስት ወር ያልፋል። ነሐሴ የተነከሰው ልጅ ጥቅምት ላይ ከእርሻው ሲሰናበት ቢመረመር ደህና ነው። የሚወድቀው ጥር ላይ፣ ቤቱ፣ ብርድ አገር ገብቶ ነው። ያን ጊዜ አሠሪ የለውም። 

በሽታው ሳይታወቅ ሲቀር ምን እንደሚሆን ደቡብ ጎንደር አይታለች። እ.ኤ.አ. በ2005 በሊቦ ከምከም፣ ካላዛር በማይታወቅበት አገር፣ ሰው በትኩሳት እየመነመነ ማለቅ ያዘ። መጀመሪያ ወባ ነው ተብሎ የወባ መድኃኒት ተሰጠ። ካላዛር መሆኑ ሲታወቅ ወረርሽኙ ሥር ሰድዶ ነበር፤ በሁለት ሦስት ዓመት ውስጥ ከ2,400 በላይ ታማሚዎች ተቆጠሩ። አጥኚዎች እንደሚገምቱት በሽታው የመጣው ከመተማና ከሁመራ እርሻ በተመለሱ ሠራተኞች ነው። ከዚያ በረሃ ያልወረዱት ሕፃናትም ሳይቀሩ ተያዙ። የሠራተኛው ጤና የሠራተኛው ብቻ ሳይሆን ሲቀር እንዲህ ነው።

ጎንደር ለዚህ ዓይነት ነገር እንግዳ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ ሜዳ የተነሣው ወባ 7,000 ያህል ሰው ፈጀ። በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1954፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ፤ ጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን በአንድ ላይ አሠልጥኖ በቡድን ወደ ገጠር የሚልክ ትምህርት ቤት ነበር። የዛሬው ዩኒቨርሲቲ ሥሩ እዚያ ነው። ታማሚው እስኪመጣ ሳይጠብቁ ወደ ሰው መሄድ በዚህች ከተማ የሰባ ዓመት ሙያ ነው።

ለሰሊጥ ሠራተኛው የሚያዋጣው ምርመራም የዚያ ሙያ ልጅ ይመስለኛል። እርሻው ላይ አጎበርና የወባ ምርመራ፤ ሲሰናበት ደግሞ ከክፍያው ጋር «እስከ ግንቦት ድረስ ትኩሳት ከሁለት ሳምንት ካለፈብህ በረሃ ሠርቼ ነበር ብለህ ተናገር» የሚል አንድ ቃል። ከዚያ አገሩ ሲገባ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ማን ወርዶ እንደተመለሰ ታውቃለች፤ ቀበሌው ትንሽ ነው። ጥር ላይ ቤቱ ጎራ ብላ «አያ፣ ትኩሳቱ ተወህ?» ብትለው ወጪው የእግር መንገድ ብቻ ነው።

የሚቀረው የጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል ነው። የከሳ ልጅ ሆዱን ይዞ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል፤ መዝጋቢው ቀና ሳይል ይጠይቀዋል፦ ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ፣ ሥራ። ልጁ አፉን እስኪከፍት አይጠብቅም፤ ከላይ ባሉት መስመሮች ሁሉ እንደጻፈው «ገበሬ» ብሎ ይጽፋል።